ካባ ለይታገሱ

ይታገሱ አለበል ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ መሥሪያ ቤቱ ታላቅ ሽኝት እያሰናዳለት መሆኑን ሰማ። የነገረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። «ጋሼ፣ ካባ እየተሰፋልዎት ነው አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት!» አለችው። እሱ ግን ደስ አላለውም። ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

የአንድ ወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የወረዳው መሥሪያ ቤቶች ገጠሩን ለቀው ፍኖተ ሰላም ገብተው፣ በኪራይ ቤት ተዳብለው ነው የሚሠሩት። መሥራት ከተባለ። ቢሮው አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ተዘግቶ ይውላል። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሰው ወረቀቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ በማግሥቱ ያደረ ሻይ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል።

ይታገሱ የተወለደው ከጅጋ ወደ ቆላው ወረድ ብላ በምትገኝ ዝግባ ማርያም በምትባል መንደር ነው። በልጅነቱ የመንደሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከገደል ሥር ነበር። እናቱ እንስራ አዝላ ያንን ገደል ስትወጣ አንድ ቀን አንሸራቷት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ አሽቷት ዳነች፤ ግን ከዚያ ወዲህ እያነከሰች ነው የኖረችው። የውሃ ሠራተኛ የሆነው በእሷ ምክንያት እንደሆነ ሰው ሁሉ ይናገራል። እሱ ሲጠየቅ ግን፣ «ኧረ ወዲያ! ያን ጊዜ የተገኘው ሥልጠና እሱ ስለነበረ ነው» ይላል።

ሥራ የጀመረው በፓምፕ ጥገና ነው። በመንግሥት ሞተር ሳይክል፣ ቧንቧውን ከጎን አስሮ፣ ከደጋ ዳሞት ብርድ እስከ ብር ሸለቆ ሙቀት ያልረገጠው ቀበሌ አልነበረም። በየደረሰበት ምንጭ ያጎለብታል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ የእጅ ፓምፕ ይተክላል። አንድ ክረምት ፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ ምንጭ ላይ ሳለ ሚስቱ ሀብትነሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለደች። ልጁ ሳይጠመቅ ሞተ። መልእክቱ ሲደርሰው ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበርና፣ ቤቱ ሲገባ ሕፃኑ ተቀብሮ አራስ ቤቱም ተጠርጎ አገኘው። ሀብትነሽ በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ወቅሳው አታውቅም። ሌላ ልጅም አልወለዱም።

ቁጡ ሰው ነበር። ልጆች የፓምፕ እጀታ ላይ እየተንጠለጠሉ ሲጫወቱ ዝም ብሎ ያየ የውሃ ኮሚቴ፣ ይታገሱ የመጣ ቀን መግቢያ ያጣል። ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ከሰው ፊት መቆም አይወድም። ኃላፊ ተደርጎ ሲሾም ጓደኞቹ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ እወቅበት» እያሉ ቀለዱበት። አላወቀበትም። ከሹመቱ በኋላም ጫማው ጭቃ እንደያዘ ነው ቢሮ የሚገባው። በገጠር ግን ስሙ ተለውጦ «ይታገሱ ውሃ» ሆኗል። «ይታገሱ ውሃ መጣ» ከተባለ ሴቶች ከቤት ወጥተው እጁን ይስማሉ።

ጦርነቱ ሲመጣም ሥራውን አልተወም። መኪና ሲጠፋ በእግሩ ሄደ። የመንግሥት ወታደሮች ኬላ ላይ ያስቆሙትና፣ «የውሃው ሰውዬ ነው» ብለው ያሳልፉታል። ትንሽ እልፍ ሲል የጫካዎቹ ታጣቂዎች ያስቆሙታል፤ እነሱም፣ «የውሃው ሰውዬ ነው» ይሉና ያሳልፉታል። ሀብትነሽ በሄደ ቁጥር ስለት ትሳላለች። እሱ ግን ማንም አይነካኝም ብሎ ያምን ነበር። እውነትም ለረጅም ጊዜ ማንም አልነካውም።

የሽኝቱን ነገር የጠነሰሰው ስመኘው የሚባል የወረዳው ምክትል አስተዳዳሪ ነው። መምህር የነበረ፣ ሰው የሚወድ፣ ቶሎ የሚከፋው ጎልማሳ ነው። የይታገሱን ቅሬታ ሲሰማ ራሱ ወደ ቢሮው መጣ።

«ጋሼ፣ እምቢ አሉ አሉ?»

«እምቢ አላልሁም። ጊዜው አይደለም ነው ያልሁ።»

«ታዲያ መቼ ሊሆን ነው ጊዜው? በዚህ ሁለት ዓመት ሰው ሸኘን ስንል እኮ መቃብር ድረስ ነው። አንድ ሰው እንኳ በቁሙ እንሸኝ እንጂ።»

ይታገሱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስማኝማ ስመኘው» አለው። «እኔ እኮ ከዚህ ወጥቼ ዝግባ ማርያም ነው የምገባ። ቤት ሠርቻለሁ፤ እናቴም እዚያው ናት። እዚያ ለሚኖር ሰው እዚህ ካባ ለብሶ መታየት ጥሩ አይደለም። አንተ ታውቀዋለህ።»

ስመኘው አወቀው፤ ዝግባ ማርያም ያለችው በታጣቂዎቹ እጅ ነው። «ጠበብ አድርገን ነው የምናደርገው፤ የቢሮው ሰው ብቻ» አለ። «ፖለቲካ አይነሣበትም። እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ።»

ይታገሱ አሁንም አልተቀበለውም። ነገሩን የገለበጠችው ሀብትነሽ ናት። ማታ እራት አቅርባለት፣ እጇን ሳትታጠብ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እምቢ ያልኸው ለምንድን ነው?»

«ነገርሁሽ እኮ።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ደጅ ደጁን ሳይ ነው የኖርሁት። ጎረቤት ባሏን ይዛ በዓል ስትውል እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ለቅሶም ብቻዬን ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ሰው መካከል ተቀምጬ ስምህ በክብር ሲጠራ ብሰማ ምን አለበት?»

ብቻዋን የተቀመጠችው ለቅሶ የትኛው እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ይታገሱ ጉርሻውን መልሶ ሰሐኑ ላይ አኖረ። በማግሥቱ ለስመኘው፣ «እሺ» አለው።

ሽኝቱ ጠበብ ያለ አልሆነም። ወሬው ወደ ላይ ደርሶ፣ «እንዲህ ያለ ታታሪ የመንግሥት ሠራተኛ በሕዝብ ፊት ሊመሰገን ይገባል» ተባለ። ከበላይ እንግዳ መጣ። አዳራሹ በር ላይ ወታደሮች ቆመው የገባውን ሁሉ ፈተሹ። ሀብትነሽ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፤ ፊቷ በርቶ፣ ያን ቀን ያያት ሰው ዕድሜዋን አይገምትም። ለይታገሱ ጥቁር ባለ ወርቅ ጥልፍ ካባ ደረቡለት። ትልቅ ቴሌቪዥንና በመስተዋት የገባ የምስክር ወረቀት ሰጡት። ስመኘው ስለ ምንጮቹና ስለ ጉድጓዶቹ ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ። ብዙ ሰው አለቀሰ።

ከዚያ እንግዳው ተነሣ። መጀመሪያ መልካም መልካሙን ተናገረ። ቀጥሎ ግን፣ «አቶ ይታገሱ በዚህ ፈታኝ ጊዜ ከጠላት ጋር ሳይወግን፣ ከመንግሥት ጎን በፅናት የቆመ ጀግና ነው! የሰላም ጠላቶች ከእሱ ይማሩ!» አለ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣ ደረሰ። ይታገሱ ስመኘውን ቢያየው፣ ስመኘው አንገቱን ደፍቷል።

ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡት፣ ይታገሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገረ።

«ስላከበራችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ። እኔ ግን ከማንም ጎን አልቆምሁም፤ ምንጭ ለምንጭ ስዞር ነው የኖርሁት። የማውቀው ጠላት ቢኖር የጉድጓድ ዝገት ነው። ሌላ ጠላት አለህ ብላችሁ አትስጡኝ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እንግዳው ሰዓቱን አየ።

በዚያው ቀን ፎቶግራፉ በፌስቡክ ወጣ። ካባውን ለብሶ፣ ከእንግዳው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ከሥሩ «ከጠላት ጋር ያልወገነው ጀግና» የሚል ተጽፎበታል። እሱ የተናገረው የለበትም። ስመኘው እንዲያነሡት ለመናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ አነሡት፤ ግን ያየው አይቶታል፣ ያስቀረውም አስቀርቶታል።

ሳምንት ሳይሞላ ከዝግባ ማርያም ለገበያ የመጣች ሴት መልእክት ይዛ ቤታቸው ገባች። የላካት መሪጌታ ገብረሰንበት ነው፤ የይታገሱ የልጅነት ጓደኛና የደብሩ አገልጋይ። ቃሉ አጭር ነበር፤ «ወንድሜ፣ ቤትህ ደህና ነው፤ እናትህም ደህና ናቸው። አንተ ግን ለጊዜው እንዳትመጣ።»

ተጭኖ የነበረው ዕቃ ከጋሪ ላይ ወረደ። ይታገሱና ሀብትነሽ ፍኖተ ሰላም በኪራይ ቤታቸው ቀሩ። ቴሌቪዥኑ ከነካርቶኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ሁለቱም አልከፈቱትም። ይታገሱ ማለዳ ተነሥቶ ይለብስና የሚሄድበት ስለሌለ አጥር ሥር ይቀመጣል። የሚያልፈው ሰው አንዳንዱ፣ «ጀግናው!» እያለ ሰላምታ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ እንዳላየ መንገድ ይሻገራል። የትኛው እንደሚከፋ ሀብትነሽ ስትጠይቀው፣ «ሁለቱም» አላት።

እንዲህ እንዳሉ ጥር አጋማሽ ላይ እናቱ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ዐረፉ። በስተርጅና መንኩሰው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ በምትገኝ ጎጆ ነበር የሚኖሩት። ረፋድ ላይ ሥልክ የደወለው መሪጌታ ነው። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ነበርና ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል።

«እማሆይ አረፉ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የምንቀብር።»

ይታገሱ፣ «እመጣለሁ» አለ።

«እንዳትመጣ ነው የደወልሁልህ። እኔ ልጃቸው ነኝ፤ እኔ እቀብራለሁ።»

«ልጄን ሳልቀብር ቀርቻለሁ፤ እናቴንማ አልደግመውም» አለና ሥልኩን ዘጋው።

ሀብትነሽ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። አትሂድ አላለችውም። «አብረን ነው» ብቻ አለች። እስከ ጅጋ ድረስ በባጃጅ፣ ከጅጋ ወዲያ በእግር ሄዱ። መንገዱ ላይ የተቃጠለ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሣር በቅሎበታል። ገበያ የሚወጡ ገበሬዎች ይታገሱን ሲያዩ ይቆማሉ፤ ነፍስ ይማር ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኧረ ጋሼ፣ ወዴት ነው የሚሄዱ?» ይላሉ። እሱ፣ «እናቴን ልቀብር» እያለ አለፈ።

ለቅሶው ላይ ሲደርስ ሕዝቡ ተነሣለት። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ታጣቂዎች ከሾላው ሥር ቆመው ታዩ፤ ጠመንጃቸውን አውርደው ቆባቸውን አወለቁ። ማንም ሳይነካው ፍትሐቱ አለቀ። ይታገሱ በገዛ እጁ አፈር መለሰ። ሕዝቡ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ሊበላ ሲቀመጥ፣ አንደኛው ታጣቂ መጥቶ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ለትንሽ ጊዜ ይፈለጋሉ» አለው። ሀብትነሽ ክንዱን ጨብጣ አልለቅም አለች። ይታገሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና፣ «ንፍሮሽን ብዪ፤ ሰው እያየሽ ነው» አላት።

ሁለት ሰዓት ያህል አስኪደው ወደ ሌላ መንደር ወሰዱት። መሪያቸው ወንዳወቅ የሚባል የዚያው አገር ልጅ ነው፤ በይታገሱ ቦኖ ውሃ ሲቀዳ ያደገ። ወንበር አቀረበለት። ከዚያ ሥልኩን አውጥቶ ፎቶግራፉን አሳየው።

«ጋሼ፣ ይህ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠላታቸው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

«እኔ አላልሁም። የተናገርሁትን ቆርጠውታል።»

«ካባውን ግን ለብሰዋል።»

«ለብሻለሁ። ሚስቴ ደስ ይበላት ብዬ ነው።»

ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳቀ። ሌላው ግን፣ ፊቱ የተቆጣ ወጣት፣ «ወንድሜን የገደሉት እኮ ካባ ያለበሱት ሰዎች ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ወንዳወቅ ዝም አሰኘው። ለይታገሱም፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እርስዎ ሁለቱ ላይ ነበሩ» አለው። ከአንድ ባዶ ቤት አስገብተው ጠባቂ አቆሙለት።

እዚያ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚነግረው አልነበረም። የቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ስለሆነ ሴቶች ሲያልፉ ይታዩታል። ጄሪካን አዝለው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። በዚያ መንደር ውስጥ ራሱ የተከለው ፓምፕ እንዳለ ያውቃል። ጠባቂውን፣ «ፓምፑ ምን ሆነ?» ሲለው፣ «ተበላሸ፤ ቆየ» አለው። ልጆች የኩሬ ውሃ ጠጥተው ታመዋል፤ ሁለት ሞተዋል። በማግሥቱ ደግሞ የሦስተኛ ልጅ ለቅሶ ሰማ። ወንዳወቅን አስጠራውና፣ «ልትገድሉኝም ከሆነ ቆዩና ግደሉኝ፤ መጀመሪያ ፓምፑን ልየው» አለው።

መፍቻ ፈልገው ከየቤቱ አሰባሰቡለት። ዘንጉን ከጉድጓዱ ሲያወጡ ታጣቂዎቹም ገበሬዎቹም አብረው ሳቡ። ያለቀውን የፓምፕ ጎማ ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቀዶ በቢላ እየቀረፀ ተካው። ውሃው መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ እልል አላሉም፤ ሐዘን ላይ ነበሩ። አንዲት እናት፣ ልጇን ያለፈው ቀን የቀበረች፣ ጄሪካኗን ሞልታ እንደ ቆመች፣ «ምነው ቀደም ብለው ቢይዙዎት ኖሮ» አለችው። ይታገሱ ይህን ቃል በኋላ ለሀብትነሽ ሲነግራት ድምፁ እምቢ እያለው ደጋግሞ ጀመረው።

በነጋታው መሪጌታ ገብረሰንበትና የዝግባ ማርያም ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው፣ የደብራቸውን ታቦት ስም ጠርተው፣ ድንጋይ ተሸክመው ወንዳወቅ ፊት ወደቁ። ሀብትነሽ ከኋላቸው መሬት ላይ ተቀምጣለች። ክርክሩ ረዘመ። ያ የተቆጣው ወጣት እስከ መጨረሻው አልተስማማም። ወንዳወቅ ግን ተነሥቶ ድንጋዩን ከመሪጌታ ትከሻ አወረደ።

«እሺ አባቴ፣ ለእናንተ ስል ለቅቄዋለሁ። ግን ከእንግዲህ በዚህ አገር እንዳይታይ። እኔ ብተወው ሌላው አይተወውም።»

ይታገሱ ቤቱን ሳያይ ተመለሰ። የሠራው ቤት ከመንገዱ ላይ የቆርቆሮ ጣራው ይታይ ነበር። ሀብትነሽ ቆም ብላ አየችው፤ እሱ አልቆመም።

ፍኖተ ሰላም በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ የደህንነት ሰዎች ነን ያሉ መጥተው ይታገሱን ወሰዱት። አንድ መጋዘን ውስጥ ብዙ ሰው ታጉሮበታል፤ መተኛ የሌለው ተራ እየጠበቀ ይተኛል። መርማሪው ሰነፍ የሚመስል፣ ብዕሩን እያሽከረከረ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ከታጣቂ ጋር ስንት ቀን ቆየህ?»

«አስረውኝ ነው እንጂ ቆይቼ አይደለም።»

«አስረውህ ከሆነ ለምን ፓምፕ ሠራህላቸው?»

«ለሴቶቹ ነው የሠራሁ። ልጆች እየሞቱ ነበር።»

«ታጣቂዎቹስ አልጠጡም?»

«ጠጥተው ይሆናል። እኔ ቦኖ ላይ ዘበኛ አቁሜ አላውቅም።»

መርማሪው ጻፈ። ምን እንደጻፈ አልነገረውም። ይታገሱ ያንን ካባ ያለበሱትን ሰዎች ስም ሲጠራ፣ መርማሪው፣ «እነሱ ናቸው እኮ ያስያዙህ» ብሎ ፈገግ አለ። እውነት ይሁን ሊያስፈራራው፣ ይታገሱ እስከ ዛሬ አላወቀውም።

መጋዘኑ እርጥበት ነበረው። ደረቱን ያመው ጀመር፤ ሌሊት ሌሊት ሲያስል የጎኑ ሰው ጀርባውን ያሽለታል። የእናቱ ዐርባ እዚያው እያለ አለፈ። ሀብትነሽ በየቀኑ ምግብ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ አንዳንድ ቀን ያስገቡላታል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሱባታል። ስመኘው ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄዳ አጥታው፣ በአራተኛው የቤቱ ደጃፍ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አንተ ነህ ኃላፊነት እወስዳለሁ ያልኸው።»

ስመኘው ከሳስቶ ነበር። «እሜቴ፣ እኔን ራሴን እየተከታተሉኝ ነው።»

«እኔ ሌላ ሰው አላውቅም። እዚህ አገር ለእሱ አጨብጭቦ ያላለቀሰ አልነበረም፤ ዛሬ በሩን የሚከፍትልኝ አንድ የለም። እኔም ነኝ እሺ በል ያልሁት። እኔና አንተ ነን የቀረን።»

እንባ ሳይወጣት ነው የተናገረችው። ስመኘው ቦርሳውን ለባለቤቱ ሰጥቶ፣ ከሀብትነሽ ጋር ወደ መጋዘኑ ሄደ። ዋስ ሆኖ ፈረመ። ይታገሱን እየደገፉ ሲያወጡት፣ ጸሐይዋ ዓይኑን ስለወጋችው ስመኘውን ቶሎ አላወቀውም። ካወቀው በኋላ ግን ጨብጦት፣ «አንተም ተጎዳህ አይደል?» አለው። ስመኘው ወር ሳይሞላው ከሥልጣኑ ተነሣ። ቤተሰቡን ይዞ ከፍኖተ ሰላም እንደወጣ ተሰማ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ባልና ሚስት አሁን ቡሬ ናቸው። የሀብትነሽ የእህት ልጅ ማርያማዊት ከቤቷ ጀርባ አንድ ክፍል ሰጥታቸዋለች። ይታገሱ ደረቱ አልዳነም። ሐኪሙ ከአቧራና ከብርድ ራቅ ብሎታል፤ ቡሬ ላይ ከሁለቱ እንዴት እንደሚርቁ አልነገረውም። ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም። ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ ሲፈነዳ ሰዎች ሊጠሩት መጡ፤ መፍቻ ይዤ አላውቅም አላቸው። ሀብትነሽ ከውስጥ ሆና ሰማችው። እንደዚህ ዋሽቶ ሰምታው አታውቅም።

ዘንድሮ ጥር የእማሆይ ሙት ዓመት ደረሰ። ይታገሱ መሄድ እንደማይችል ያውቃል። ጠዋት ከማርያማዊት ጋር ቅዳሴ አስቀድሶ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ሥልኩ ጮኸ። መሪጌታ ነው፤ እዚያው ጉብታ ላይ ወጥቷል።

«ተዝካሩን አወጣንላቸው። ጠላው ጥሩ ወጥቶ ነበር። ካህናቱ ከሦስት ደብር መጡ።»

ይታገሱ፣ «ሰውስ? ሰው በዛ?» አለ።

መሪጌታ ከነፋሱ በላይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሰው ሳሳ ብሏል፤ አልዋሽህም። ወጣት የለም። አሮጊቶቹ ናቸው የመጡ። ያቺ ልጇ የሞተባት ሴት ከዚያኛው መንደር በእግሯ መጣች፤ ስለ አንተ ጠይቃ ለእማሆይ ሻማ አበራች።»

ሀብትነሽ ሥልኩን ከይታገሱ እጅ ወስዳ፣ «መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እያለቀሰ ነው፤ ትንሽ ቆይተው ይደውሉ» አለች።

«እኔም ካርዴ እያለቀ ነው፤ እሑድ እደውላለሁ» አለ መሪጌታ፤ መስመሩም ተቋረጠ።